ቱምቢ የሌለው ግንብ፦ የብሩጌል ባቢሎን እንደ አንድ የግንባታ ጉዳይ ሲመረመር

በሥዕሉ ግራ ጥግ፣ ከታች በኩል፣ ድንጋይ ጠራቢዎች በንጉሥ ፊት ተንበርክከዋል። አንዱማ ከመንበርከክም አልፎ መሬት ላይ ተደፍቷል። ንጉሡ ዘውድ ደፍቶ፣ ካባ ደርቦ፣ አጃቢዎቹን አስከትሎ ሥራ ሊጎበኝ መጥቷል። ዙሪያውን ተጠርቦ ያለቀና ገና የሚጠረብ ድንጋይ ተበታትኗል። ከኋላቸው ደግሞ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሊሞላው ምንም ያልቀረው፣ ጫፉ ደመና የነካ ግንብ ተገትሯል። አለቃ ለጉብኝት በመጣ ቀን የግንባታ ቦታ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ይህን ትዕይንት ለመረዳት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም።

ሥዕሉ የኔዘርላንድ ምድር ሠዓሊ የሆነው የታላቁ ፒተር ብሩጌል የባቢሎን ግንብ ነው። በ1563 በኦክ እንጨት ሰሌዳ ላይ በዘይት ቀለም ተሳለ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቁመቱ 114፣ ወርዱ 155 ሳንቲ ሜትር ነው። ዛሬ የሚገኘው በቪየናው ኩንስትሂስቶሪሸስ ሙዚየም ሲሆን፣ ሠዓሊው ስሙንና ዓመቱን ያሰፈረው ከፊት ከሚታዩት ጥርብ ድንጋዮች በአንዱ ላይ ነው።

ስለዚህ ሥዕል ሲነገር ወሬው ቶሎ ወደ ትዕቢትና ወደ ቋንቋ መደባለቅ ይሄዳል። እኔ ግን እንደ ግንባታ ልመረምረው እፈልጋለሁ፤ ብሩጌል ራሱ እንደዚያ አስቦ የሳለው ይመስለኛልና። በሥዕሉ ውስጥ መብረቅ የለም። መልአክ የለም። ከሰማይ የወረደ ማዕበል የለም። ሰማዩ ብሩህ ነው፣ ሠራተኛው ሥራ ላይ ነው፣ መርከቦቹ ዕቃ ያራግፋሉ። ግንቡ ግን በምንም ዓይነት ሊያልቅ አይችልም። የማያልቅበት ምክንያት ደግሞ በራሱ በግንቡ አካል ላይ ተስሏል።

ነፋሱ ከየት መጣ?

አስቀድሞ አንድ ነገር እናጥራ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 11 ግንቡ አይፈርስም። ሰዎቹ በሰናዖር ሜዳ ጡብ ተኩሰው፣ ዝፍትን እንደ ጭቃ ተጠቅመው መገንባት ይጀምራሉ፤ ቋንቋቸው ይደባለቃል፤ ከተማይቱን መሥራት ይተዋሉ፤ ይበተናሉ። ታሪኩ በዚህ ያበቃል። በሥዕሉ ላይ የሚታየው ንጉሥ ናምሩድም ቢሆን በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ስሙ አይነሣም። የተጠቀሰው ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ፣ ባቢሎን የመንግሥቱ መጀመሪያ እንደ ነበረች ሲነገር ነው። የሥራው ጠንሳሽና ገፋፊ ያደረገው የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ ሲሆን፣ የአውሮፓ ሠዓሊዎችም ንጉሡን ከዚያው ወረሱት።

የግንቡን መውደቅ በግልጽ የሚተርከው መጽሐፍ ለእኛ ሩቅ አይደለም። መጽሐፈ ኩፋሌ ግንበኞቹ 43 ዓመት እንደ ደከሙ፣ ቁመቱም ከ5,433 ክንድ በላይ እንደ ደረሰ ይነግረናል። ክንዱን ግማሽ ሜትር ያህል ብናደርገው ከ2.5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል ማለት ነው። ከዚያም እግዚአብሔር ብርቱ ነፋስ ልኮ ገለበጠው፤ የቦታውም ስም «መገልበጥ» ተባለ። ኩፋሌ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሟልቶ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። አውሮፓውያን ሙሉውን ያገኙት ጀርመናዊው ሊቅ አውጉስት ዲልማን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተርጉሞ፣ የግዕዙን ንባብም በ1859 ካሳተመው በኋላ ነው። ስለዚህ ብሩጌል ኩፋሌን አላነበበም፤ ሊያነብም አይችልም ነበር። የነፋሱ ወሬ ግን በሌላ መንገድ እነርሱም ዘንድ ደርሷል፤ ዮሴፈስ ሲቢላ የተባለችውን የጥንት ነቢይት ቃል ጠቅሶ ማዕበል ግንቡን እንደ ጣለው ጽፏልና።

በኔዘርላንድ ምድር ይህን መውደቅ በሰፊው ያሳዩት የኅትመት ሥዕሎች ናቸው። የአምስተርዳሙ ኮርኔሊስ አንቶኒስ በ1547 ባወጣው ሥራ፣ ክብ ግንብ ከላይ ተሰንጥቆ ይናዳል፤ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ይሸሻሉ። ቅስት በቅስት ላይ የተደረደረበት ያ ግንብ ያለጥርጥር የሮማውን ኮሎሲየም ያስታውሳል። ከ16 ዓመት በኋላ ብሩጌል የሚሠራበት ቅርጽ በዚህ ሥራ ቀድሞ ታይቷል ማለት ነው። በ1569 ደግሞ፣ ማርተን ቫን ሄምስኬርክ ነድፎ ፊሊፕስ ሃሌ በቀረጸው ተከታታይ ሥራ ውስጥ ግንቡ አሁንም ይፈርሳል። የኅትመት ሥዕል በሉህ ይሸጣል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ገዢው ቆም ብሎ እንዲያይ አንድ ቅጽበት ያስፈልገዋል። መውደቅ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ቅጽበት ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩት የብራና ሥዕሎች በአንጻሩ መሥራቱን ይወዳሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፍላንደርስ ተዘጋጅቶ ዛሬ በቬኒስ በሚገኘው የግሪማኒ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ግንበኞች፣ ኖራ አቡኪዎችና ተሸካሚዎች በቀጥተኛ ግንብ ዙሪያ ይራወጣሉ። የብሩጌል ብልሃት ሁለቱን አንድ ማድረጉ ነው፤ ግንቡ እየተሠራም እየፈረሰም ነው።

ቱምቢ ብንጥልበት

ብሩጌል በ1551 በዛሬዋ ቤልጅየም በምትገኘው በአንትወርፕ የሠዓሊዎች ማኅበር አባል ሆነ፤ ወዲያው ወደ ኢጣሊያ ተጓዘ። ሮማ ሳለ በዝሆን ጥርስ ላይ ትንሽ የባቢሎን ግንብ ሳለ። ያ ሥራ ጠፍቷል፤ ነገር ግን ዝነኛው የብራና ሠዓሊ ጁልዮ ክሎቪዮ ትቶት በሞተው የንብረት ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ኮሎሲየምን በዓይኑ ለማየት ዕድል ነበረው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ሥራ ያገኘው ደግሞ ከአሳታሚው ሄሮኒሙስ ኮክ ዘንድ ነው። ኮክ በ1551 የሮማን ፍርስራሾች የሚያሳዩ የኅትመት ሥዕሎች አውጥቶ ነበር፤ ከእነዚህም ኮሎሲየም በተደጋጋሚ የሚታይ ነው። የተሰነጠቀ ቅስት፣ ሣር የበቀለበት ግድግዳ፣ ለሁለት ተከፍሎ የውስጥ መተላለፊያውን የሚያሳይ ግንብ፦ ብሩጌል ለአዲሱ ግንቡ የተጠቀመው የአሮጌውን ፍርስራሽ ምስል ነው። ይህን ልብ ይሏል። ገና ያላለቀ ሕንፃና የፈረሰ ሕንፃ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው።

አሁን ወደ ግንቡ እንቅረብ። ውጪው በፈዘዘ ቀለም ጥርብ ድንጋይ ተለብጧል፤ ውስጡ ቀይ ጡብ ነው። በዘፍጥረት ጡቡ በድንጋይ ፈንታ የገባ ነው፤ ድንጋይ ጠራቢ የሚባል ሰው የለም። ብሩጌል ግን ጠራቢዎቹን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ኮሎሲየም በውጪው እንደ ለበሰው ዓይነት የድንጋይ ልብስ ለግንቡ አለበሰው። ጡቡን ወደ ቀኝ፣ ወደ ወደቡ አሻገረው።

መሠረቱ ዓለት ነው። ዓለት ላይ መመሥረት እስከዚህ ድረስ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዓለቱ አልተደለደለም። በግንቡ ፊት ለፊት፣ ሰፊ ቦታ ይዞ፣ ጥሬ ተራራው እንዳለ ይታያል። አንዳንድ ቦታ ላይ ግድግዳው ዓለቱን ተደግፎ ቆሟል፤ ሌላ ቦታ ላይ ዓለቱ ራሱ ተፈልፍሎ ግድግዳ ለመሆን ተገድዷል። የተገነባውና የተፈለፈለው የት ላይ እንደሚገናኙ ለመለየት ዓይን ይቸገራል። ዓለትና ግንብ ክብደት ሲጫናቸው እኩል ዝቅ አይሉም። እኩል ዝቅ የማይል መሠረት ደግሞ ስንጥቅ ይወልዳል።

ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው። ኮሎሲየም ፎቅ በፎቅ ላይ የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ፎቅ ውኃ ልኩን ጠብቆ ይዞራል፣ ዞሮም ከራሱ ጋር ይገጥማል። የብሩጌል ግንብ ግን አንድ ረጅም ጠመዝማዛ መወጣጫ ነው። ጠመዝማዛ ወለል በየትም ቦታ ውኃ ልክ አይሆንም፤ ዞሮ ሲመለስም ከጀመረበት በላይ እንጂ በዚያው አይገኝም። እንዲህ ባለው ተዳፋት ላይ ቅስት የሚያቆም ግንበኛ ወለሉ የቱንም ያህል ቢያዘነብል ምሰሶውን በቱምቢ፣ ማለትም ክብደት በተንጠለጠለበት ክር፣ ለክቶ ያቆማል። የናምሩድ ግንበኞች ግን ምሰሶውን የለኩት በተዳፋቱ ወለል ነው። ከተዘነበለ ወለል ጋር ትክክለኛ ማዕዘን የሠራ ምሰሶ ራሱም የተዘነበለ ነው። ስለዚህ ግንቡ በሙሉ በግራ በኩል ወዳለችው ከተማ አጋድሏል። በከተማዋ ጣሪያዎች ላይ ቱምቢ ብንጥል ክሩ በቀጥታ ይወርዳል፤ ግንቡ ላይ ብንጥለው ግን ክሩና ምሰሶው ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ቅስቶች ከወዲሁ መናድ ጀምረዋል።

ይህ የሠዓሊው ስሕተት ነው ብሎ የሚጠረጥር ይኖር ይሆናል። አይደለም። ያው ሠዓሊ በመወጣጫው ላይ ያቆመውን ክሬን ተመልከቱ፦ ሰዎች በውስጡ እየተራመዱ የሚያዞሩት ትልቅ የእንጨት መንኮራኩር፣ ገመዱ፣ ዘንጉ፣ የተንጠለጠለው ድንጋይ፣ እያንዳንዱ በቦታው ነው። በዘመኑ ወደቦች ላይ የሚሠራው ክሬን ይኸው ነበር። ቅስት ሲታሰር ከሥር የሚገባው ቅስተኛ የእንጨት ድጋፍ፣ መሰላሉ፣ የኖራው ሥራ ሁሉ አንድ ግንበኛ ቁጭ ብሎ ያረመው ይመስላል። ክሬኑን እንዲህ የሳለ እጅ ምሰሶ ማቆም አቅቶት አይደለም።

ቅደም ተከተሉም እንደዚሁ ነው። ከታች ያለው ሳይዘጋ ከላይ ያለው ደመና ውስጥ ገብቷል። በግራ በኩል የታችኛው ፎቅ ያለቀለት ይመስላል፤ በቀኝ በኩል ያው ፎቅ ገና ተራራ ነው። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ክፍል በትጋት እየሠራ ነው፤ ሰነፍ የለም። ሙሉውን የሚያይ ሰው ግን አንድም የለም። ንጉሡ እንኳን ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ የሚሰግዱለትን ያያል። ቋንቋቸው ገና ያልተደባለቀ ሊሆን ይችላል፤ መግባባት ግን አስቀድሞ ቀርቷል።

ሌላም አለ። በዚህ ሁሉ ግንብ ውስጥ ምን አለ? የኮሎሲየም መተላለፊያዎች ሕዝቡን በመካከለኛው ሜዳ ዙሪያ ወዳሉት መቀመጫዎች ያደርሱታል። በዚህኛው መካከል ሜዳ የለም፤ መተላለፊያው ወደ ሌላ መተላለፊያ፣ እርሱም ወደ ዓለት ይወስዳል። አዳራሽ የለም፣ መኖሪያ የለም። የሚገርመው ሠራተኞቹ ከወዲሁ በመወጣጫው ላይ ጎጆ ቀልሰው መኖር መጀመራቸው ነው።

አንትወርፕ በ1563

ከተማዋን ብሩጌል አላፈለቃትም። ሾጣጣ ጣሪያቸው የተጠጋጋው ቤቶች፣ ቅጥሩ፣ ወደቡ፣ ከኋላ የሚታየው ዝቅተኛ ለም መሬት ከሰናዖር ይልቅ የፍላንደርስንና የብራባንትን ምድር ይመስላሉ። አንትወርፕ በዚያ ዘመን 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት፣ ከአልፕስ ተራሮች በስተ ሰሜን ካሉት የንግድ ከተሞች ቀዳሚ የነበረች ናት። ፖርቱጋላዊው ቁንዶ በርበሬና ቅመም፣ እንግሊዛዊው ሱፍ ጨርቅ፣ ጀርመናዊው መዳብ ይዞ ይመጣባታል። በ1531 የተከፈተው የነጋዴዎች መገበያያ አዳራሽ ላይ የተቀረጸው የላቲን ጽሑፍ ቦታው «የማንኛውም አገርና የማንኛውም ቋንቋ» ነጋዴዎች መጠቀሚያ መሆኑን ያውጅ ነበር። የቋንቋ ብዛት በባቢሎን ቅጣት ነው፤ በአንትወርፕ መተዳደሪያ ነበር።

ከተማዋ ራሷ የግንባታ ቦታ ነበረች። ሥራ ፈጣሪው ሂልበርት ቫን ስኾንቤከ የከተማዋን አዲስ ቅጥር ለማስገንባት የራሱን ጡብ ማቃጠያና የኖራ እቶን እስከ ማቋቋም ደርሶ፣ በ1554 የሕዝብ ቁጣ ተነሥቶበት ነበር። የአዲሱ ማዘጋጃ ቤት ሥራ በ1561 ተጀምሮ በ1565 አለቀ፤ ስለዚህ ብሩጌል ፊርማውን ባሰፈረበት ዓመት በአደባባዩ ላይ ሥራው ተጋግሎ ነበር። ያላለቀ ነገር ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ካቴድራሉ ነበረ። ሁለት መንትያ ግንቦች ታስበውለት፣ የሰሜኑ በ1521 በ123 ሜትር ሲጠናቀቅ፣ የደቡቡ ከመካከል ተቋርጦ ቀረ። ዛሬም እንደ ተቋረጠ ነው።

ሥዕሉን ማን ገዛው? የመጀመሪያው የምናውቀው ባለቤት ኒኮላስ ዮንገሊንክ የተባለ የአንትወርፕ ባለሀብት ነው። ይህን የምናውቀው በሥዕል አድናቂነቱ ሳይሆን በዋስትና ሰነድ ነው። በየካቲት 1566 ዮንገሊንክ፣ ዳንኤል ደ ብሩይነ የተባለ ሰው ለከተማዋ ለሚከፍለው 16,000 ጊልደር ዋስ ሲሆን፣ የሥዕል ስብስቡን መያዣ አደረገ። በዝርዝሩ ውስጥ 16 የብሩጌል ሥራዎች አሉ፤ የባቢሎን ግንብም አንዱ ነው። ለዕዳ መያዣ የተሰጠ የባቢሎን ግንብ! ሠዓሊው ይህን ሰምቶ እንደ ሆነ ፈገግ ሳይል አልቀረም ብዬ አስባለሁ።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የፕሮቴስታንት አመፀኞች የአንትወርፕን አብያተ ክርስቲያናት ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ሰባበሩ። በሚቀጥለው ዓመት የአልባ መስፍን የእስፓኝን ጦር ይዞ መጣ። ክርስቲያኖች በአንድ ቋንቋ እየተናገሩ የማይደማመጡበት ዘመን ነበር። ይህም ሆኖ በ1568 የአንትወርፑ አታሚ ክሪስቶፍ ፕላንተን በእስፓኙ ንጉሥ ፊሊፕ ሁለተኛ ድጋፍ የዕብራይስጥ፣ የአረማይክ፣ የሱርስት፣ የግሪክና የላቲን ንባቦችን ጎን ለጎን የያዘ ባለ ስምንት ጥራዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማተም ጀመረ። የተበተኑትን ቋንቋዎች መልሶ በአንድ ገጽ መሰብሰብ ማለት ነው፤ እርሱም ሊጨርሰው የቻለ ዕዳ ውስጥ እየተዘፈቀ ነው።

ሁለተኛው ግንብ

ብሩጌል ወደዚሁ ጉዳይ አንድ ጊዜ ተመልሷል። በሮተርዳም ቦይማንስ ሙዚየም የሚገኘው ግንብ 60 በ74.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በስፋት የቪየናው ሩብ ያህል። የተሳለው ከፊተኛው በኋላ እንደ ሆነ ይታመናል። ንጉሡ ጠፍቷል፤ ጠራቢዎቹም የሉም። ከተማዋ በባዶ ሜዳ ተተክታለች። ግንቡ ጠቆር ያለ፣ ወደ ላይ እጅግ የገፋ፣ ፎቅ በፎቅ የተሟላ ነው። ሰዎቹ ከጉንዳን ያንሳሉ። በግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀይ መስመርና ነጭ መስመር ይታያል፤ ጡብና ኖራ በተጎተተበት ቦታ የቀረ አቧራ ነው። በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የተጎተተ ጭነት የተወው እድፍ መሆኑን ስንረዳ የሥራው ርዝማኔ ይገባናል። እንዲህ ያለ ነገር በሐሳብ አይመጣም፤ የግንባታ ቦታ ቆሞ ማየት ይጠይቃል።

በአንደኛው መወጣጫ ላይ በቀይ ጥላ ሥር የሚሄድ ሰልፍ አለ። ሮማን ከባቢሎን ጋር የሚያመሳስሉ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ ሰዎችን አስበው የጳጳስ ሰልፍ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልተዋጠልኝም። ሰልፉ እጅግ ትንሽ ነው፤ ብሩጌልም ባለ ጉዳዩን ሳይነካ የሚያልፍ ጥንቁቅ ሰው ነበር። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ይህኛው ግንብ ከፊተኛው የተሻለ ተሠርቷል። ሊያልቅ የሚችል ይመስላል።

ሁለቱ ሥዕሎች ለረጅም ዘመን ተለያይተው ኖረዋል። ካሬል ቫን ማንደር በ1604 ባሳተመው የሠዓሊዎች ታሪክ፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ የባቢሎን ግንብ በንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ ሁለተኛ ዘንድ እንዳሉ ጽፏል። ብሩጌል ከሞተ 450 ዓመት የሚሞላበትን ጊዜ በማስመልከት በ2018 ቪየና ላይ በተከፈተው ትልቅ ዐውደ ርእይ ሁለቱም ለሕዝብ ታይተዋል።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙ ናቸው፤ በፍጥነት ልለፋቸው። ሉካስና ማርተን ቫን ቫልከንቦርኽ፣ ሄንድሪክ ቫን ክሌቭ፣ ቶቢያስ ፈርሃክት፣ አቤል ግሪመር፦ ግንቡ ለሁለት ትውልድ የሠዓሊዎች እንጀራ ሆነ። አብዛኞቹ ግንቡን አቃንተውታል። ሙያቸውን የሚያሳዩበት ሰፊ ገጠር፣ ድንቅ ክሬን፣ ያማረ ቅስት አለ፤ የመሠረቱ ጉዳይ ግን ተረስቷል። የሉካስ ግን የሚዘለል አይደለም። በ1566 በተነሣው ሁከት ከአገሩ ተሰድዶ የወጣ ሰው ነው፤ ዛሬ በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም የሚገኘውን ግንብ በ1594 የሳለው በጀርመን ምድር በስደት ሳለ ነው። ስለ መበተን ለመሳል ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሥዕሉ ግን ሥርዓት የያዘ፣ ቀጥ ያለ፣ የተረጋጋ ነው። ምናልባት ለስደተኛ የሚያምረው እንዲህ ያለው ሊሆን ይችላል።

በ1679 አምስተርዳም ላይ ዬሱሳዊው ሊቅ አታናሲየስ ኪርከር ስለ ግንቡ በጻፈው መጽሐፍ፣ ግንቡ ጨረቃ ሊደርስ ይችል እንደ ነበር ቁጥር ይዞ ተከራከረ፤ እንደማይችልም ደመደመ፤ ክብደቱ ምድርን ከቦታዋ ያናውጣት ነበር አለ። ለመጽሐፉ ግንቡን የነደፈው የጌንት ሰው ሊቪን ክራውል ነው። ከ116 ዓመት በፊት ብሩጌል ያለ ምንም ስሌት፣ በአንድ የተዘነበለ ምሰሶ፣ ወደዚያው መልስ ደርሶ ነበር።

ብሩጌል ግንቡን በሳለበት በ1563 የመምህሩን የፒተር ኩከን ልጅ አግብቶ ወደ ብራስልስ ተዛወረ። ያች ከተማ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ አንትወርፕ የሚወስዳትን የመርከብ ቦይ 11 ዓመት ቆፍራ ጨርሳ ነበር። ቫን ማንደር እንደ ጻፈው፣ የብራስልስ ሹማምንት የዚያን ቦይ ቁፋሮ በሥዕል እንዲያስቀርላቸው ብሩጌልን አዘዙት። እርሱም በ1569 ሞተ፤ ሥራው ሳይሠራ ቀረ። ቦዩ ግን ውኃ ልኩን ጠብቆ የተቆፈረ ስለ ነበር፣ መርከቦች ይመላለሱበት ነበር።